ከድንኳን ሸራ የሰፋሁት የጉልበት ትራስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ነሐሴ ውስጥ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማው "ይቺማ ምን አላት" ብሎ ያልፋት ይሆናል። እኔ ግን የእድራችንን ዕቃ ቤት በከፈትኩ ቁጥር ትመጣብኛለች። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ቢያነክስ አንባቢ ይታገሰኝ።

የምኖረው ቡራዩ ነው። በደህና ጊዜዬ ፍራሽ ሰፊ ነበርኩ። ዓይኔ ሲደክም ሰፈሩ የእድር ጥሩምባ ነፊ አደረገኝ። ሰው ሲሞት ማልጄ ወጥቼ እነፋለሁ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በአማርኛም በኦሮምኛም እናገራለሁ። የዕቃ ቤቱና የአዳራሹ ቁልፍም እኔ ጋ ነው። የማድርባት ክፍል ራሷ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች፣ እድሩ የሰጠኝ ናት።

አብራኝ የልጄ ልጅ ሌንሳ ትኖር ነበር። እናቷ ሰበታ አግብታ ስትሄድ በአራት ዓመቷ ትታልኝ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። አምና አሥራ ዘጠኝ ሞልቷት ነበር።

ሰኔ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ከልባሽ ተራ ጫማ ገዝታ መጣች። ጫማው ጎማ አለው፤ እንደ መኪና ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።

"አባባ፣ ሮለር ደርቢ ልገባ ነው" አለችኝ።

የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ዓረብ አገር የሚሄድበት ሰሞን ስለነበር ደነገጥኩ። "እሱ ደግሞ የት ያለ አገር ነው?" አልኳት።

ሳቋ አላቆም ብሏት መሬት ቁጭ አለች። ከዚያ አስረዳችኝ። ለካ ጨዋታ ነው። ሴቶች ልጆች ባለጎማ ጫማ አድርገው ክብ ይዞራሉ። አንዷ የሌላውን ቡድን ልጆች ሰንጥቃ ለማለፍ ትታገላለች፤ እነሱ ደግሞ በዳሌና በትከሻ ይዘጉባታል። በእጅ መግፋት ክልክል ነው።

"ይሄማ ጠዋት ጠዋት አሸዋ ሜዳ ታክሲ ስንሳፈር የምናደርገው ነው" አልኳት።

"በእጅ መግፋት የለም አልኩህ እኮ አባባ። የአሸዋ ሜዳው ይብሳል።"

አዲስ አበባ አንድ የሴቶች ቡድን አለ፤ እሁድ እሁድ ይጫወታሉ። ጀማሪ የሚቀበሉት በዓመት አንዴ፣ በነሐሴ የመጨረሻው እሁድ ነው። እዚያ ቀን የመጣች ልጅ አምስት ደቂቃ ሳታርፍ መዞር፣ ሲሏት መቆም፣ ወድቃም መሬት በእጇ ሳትነካ መነሳት አለባት። ሌንሳ አሥረኛን ጨርሳ ቤት ከዋለች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ ነገር እንዲህ ስትፈልግ አላየኋትም።

ችግሩ መለማመጃው ነው። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ኮብልስቶኑም ለጎማ ጫማ አይሆንም፣ ጥርስ ያራግፋል። ሰፈሩ ውስጥ ለስላሳ መሬት ያለው የእድሩ አዳራሽ ብቻ ነው። ስንት ዓመት ለቀስተኛ ተመላልሶበት ሊሾው መስተዋት ሆኗል።

"እሱ እኮ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ነው" አልኳት።

"ለቅሶ በሌለ ቀንስ ማን ይቀመጥበታል?"

"አይጥ።"

"አይጥን እኔ አስፈቅዳለሁ" አለችና እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ሰጠኋት። ራሴ ነኝ በእጄ የሰጠኋት። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ሰው ሳይንቀሳቀስ አዳራሽ እንገባለን። ራስን ከምት የሚከላከለውን ቆብ ከጓደኛዋ ተዋሰች። የጥርስ ላስቲክ የሚባል ነገር አለ፤ በሙቅ ውኃ አርሶ መንከስ ነው። እሱን አፏ ውስጥ አድርጋ ስታወራ እንደ ሕፃን ትኮላተፋለች። የጉልበት መከላከያ ግን አጣን። እኔም ዕቃ ቤት ገባሁ። አይጥ የበላው፣ ከተጣለ የቆየ አንድ አረንጓዴ ድንኳን አለ። ደህናውን ቦታ መርጬ ቆረጥኩ፣ ከፍራሽ የተረፈ ስፖንጅ አጠፍኩበት፣ በዚያ በትልቁ መርፌዬ በፍራሽ ስፌት ሰፋሁት። ዓይኔ እምቢ ሲል በጣቴ እየዳሰስኩ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስታስረው ልክክ አለላት። እትፍ እትፍ ብዬ መረቅኋት።

እሷ ስትዞር እኔ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ዙሩን በመቁጠሪያዬ እቆጥርላታለሁ። ለጸሎት የያዝኩትን ለጎማ ጫማ ማዋሌን እግዜር ይቅር ይበለኝ። መጋፋትም ልለማመድ ስትል አሮጌ ፍራሽ አቅፌ መሀል መንገድ ላይ እቆማለሁ። "በርታ አባባ፣ እንዳትለቀኝ" እያለች ትመጣለች። አንድ ቀን እኔንም ፍራሹንም ይዛን ወደቀች። ተያይዘን ሳቅን። እንዲያ የሳቅሁት ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ነው።

"ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው አወዳደቅ ነው" ብላ አስተማረችኝ። "ሰብሰብ ብለህ ውደቅ። ጣትህን ጨብጥ፣ ከኋላ የሚመጣው እንዳይሄድበት።"

ልትፈተን አራት ቀን ሲቀር፣ ረቡዕ ማለዳ ነው፣ በሬ ተንኳኳ። የእድራችን ሰብሳቢ የኦቦ ደበላ እናት አዴ ጫልቱ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ዶፍ ይዘንባል። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሌላ ነገር አያሰማም። ሌንሳ ቁልፉን ይዛ አዳራሽ ከገባች ቆይታለች። ጥሩምባዬን አንስቼ ስወጣ አስታወስኳት። ግን "ስነፋ ትሰማና ትወጣለች" አልኩና ሄድኩ።

ጥሩምባ ሲነፋ ከሰፈሩ ዳር ነው የሚጀመረው፤ ሩቅ ያለው ሰው ሳይዘገይ እንዲወጣ። ደንባችን ነው። የራሴን በር ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምነፋው። ስንት ዓመት የሠራሁበትን ደንብ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም። እኔ ወንዙ ማዶ ሆኜ የአዴ ጫልቱን ስም ስጠራ፣ ድንኳንና አግዳሚ የሚያወጡት ሰዎች የአዳራሹን በር ገፍተው ገብተዋል።

ሌንሳ በስልኳ ዘፈን ከፍታ ትዞር ነበር። ከገቡት ውስጥ የሟቿ ታናሽ ወንድም ነበሩበት። ወንበር ይዘው ቁጭ ብለው ማልቀስ ጀመሩ አሉ። እሷም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት።

ሠልስት ወጣና ቅዳሜ ኮሚቴው ጠራን። ኦቦ ደበላ ጥቁር ለብሰው መሀል ተቀምጠዋል። በስተቀኛቸው ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ አሉ። እኔ የሰፋሁት የጉልበት ትራስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሌንሳ በሩ አጠገብ ቆማለች።

"ጋሽ ወርቁ፣ ቁልፉን ማን ሰጣት?" አሉኝ ኦቦ ደበላ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ የታየኝ ክፍሌ ነው። ከዚያች ክፍል ብወጣ የምወድቅበት የለኝም። ከዚያ ደግሞ የባሰው ታየኝ። ከእድር ብባረር ማን ይቀብረኛል? ስንቱን ሰው ለቀብር የጠራሁ ሰው፣ የኔን ስም የሚጠራ ልጣ? ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

"ተኝቼ ሳለ ከትራሴ ሥር ወስዳ ነው" አልኩ።

ሌንሳ አንዴ አየችኝ። ቁጣ ብታሳየኝ ምን ነበረበት። የማያውቁትን ሰው የሚያዩ ዓይነት ነው ያየችኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት" አለች። "ሸራውንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አያውቁም።"

ሐጂ ኑሩ ትራሱን አነሱት፣ ስፌቱን በጣታቸው ሄዱበት፣ መልሰው አስቀመጡት። እኔን አላዩኝም። ሌንሳ ሄዳ በሊሾው ላይ ተንበረከከችና የኦቦ ደበላን ጉልበት ሳመች። "ልጄ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ተነሺ" አሏት። አንዱ የኮሚቴ አባል ሸራው የእድር ንብረት ስለሆነ ወደ ዕቃ ቤት ይመለስ አለ። ወስጄ ምስማር ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስንገባ ራት አቀረበችልኝ። "ነገ ሂጂ ልጄ። ሳትፈተኚ አትቅሪ" አልኳት።

"ይተውት አባባ" አለች።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንተ ነበር የምትለኝ።

እሁድ ጠዋት ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ወደ ጨዋታው የሄደች መስሎኝ ልቤ ትንሽ ቀለል አለው። ስጎነበስ ጎማ ጫማው አልጋው ሥር ነው። ከቀትር በኋላ እናቷ ደወለች። ሰበታ ደርሳለች።

አምስት ወር ያህል ቻልኩት። ከዚያ አቃተኝ። ጥር ላይ በወሩ ስብሰባ፣ እድርተኛው በሞላበት ተነሳሁና ቁልፉን እኔ እንደሰጠኋት፣ ሸራውንም እኔ እንደቆረጥኩት ተናገርኩ። የክፍሌንም ቁልፍ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ሐጂ ኑሩ ቁልፉን ወደ እኔ ገፉት። "ጋሽ ወርቁ፣ ያን ቀንም አውቀን ነበር" አሉኝ። "እኔ ሃያ ዓመት የተኛሁት እርስዎ በሰፉት ፍራሽ ላይ ነው። ስፌትዎን ላጣው ነው?"

"ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?"

ኦቦ ደበላ አቀረቀሩ። "እርስዎ እስኪናገሩ ጠበቅን። ቢናገሩ ሁለተኛ አይልመድዎ ብለን ልንተወው ነበር። ልጅቷ ስትናገር ግን ምን እንበል? አያቷን ልትሸፍን የቆመችን ልጅ፣ ዋሽተሻል እንበላት?"

ለካ አባራሪም አልነበረም። ልጄን የከፈልኩት ማንም ላልጠየቀኝ ነገር ነው።

ትራሱን መለሱልኝ። በማግስቱ ይዤው ሰበታ ሄድኩ። ሌንሳ ፋብሪካ ገብታለች። ከሰዓት ላይ ከነጋዎኗ መጣች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ለስላሳ አስመጣችልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው አለችኝ። አንዲት የጎደለች ነገር አልነበረችም፤ እንደ ክቡር እንግዳ ነው የተቀበለችኝ።

"ለሰው ሁሉ ተናገርኩ እኮ" አልኳት።

"ምን አደከመዎት አባባ።"

"ዘንድሮም ጀማሪ ይቀበላሉ ይሆናል።"

"አሁን እሁድም ሥራ ነኝ።"

ትራሱን ከፌስታሉ አውጥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳር እስከ ዳር ሄደችበት። መልሳ ጠቀለለችውና ሰጠችኝ። "እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ" አለች። ታክሲ ድረስ ሸኘችኝ፤ በር ላይ እጄን ይዛ አሳፈረችኝ።

ያቺ "ይቀመጥልኝ" ያለቻት ቃል ታብሰለስለኛለች። አንዳንድ ቀን "ልትመለስበት ነው" እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሽማግሌ እንዳይከፋው ያለችው ይመስለኛል። የጎማ ጫማውን ብረት እንዳይዝግ ቅባት እቀባዋለሁ። ነሐሴ ዘንድሮም መጥቶ አለፈ፤ ያቺ እሁድም አለፈች። አልደወለችም። እኔም ለመደወል አፈርኩ።

ሥራዬን አልተውኩም። ደንቡን ግን ኮሚቴውን አስፈቅጄ ቀየርኩ። አሁን ሰው ሲሞት ጥሩምባዬን ከራሴ በር ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ወደ አዳራሹ ዞሬ እነፋለሁ። ትንሽ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ነው ወደ ሰፈሩ ዳር የምወርደው።