ጥያቄ ምልክት ያዩ መርከቦችና አባቴ

የጠፈሩን ጨዋታ ያስጀመረኝ ወልድያ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። እሱን ላገባ ልቤ ቆርጧል፤ እሱም ያውቃል። በፍላሽ ጭኖ ሰጠኝና ሱስ አስያዘኝ። በጨዋታው ጠፈር ላይ ጣቢያ ትሠራላችሁ፣ ጦር ታሰማራላችሁ፤ የነጋዴዎቹን መርከቦች ግን ማዘዝ አትችሉም። ከጣቢያ ጣቢያ እህል የሚያመላልሱት በራሳቸው ፈቃድ ነው። ጣጣውም እሱ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ነገር ከሩቅ ብቅ ሲል ስክሪኑ ላይ አንዲት ግራጫ ነጥብ ከነጥያቄ ምልክቷ ትታያለች። ይቺን ሲያዩ ነጋዴዎቼ ጭነታቸውን እንደያዙ ፊታቸውን አዙረው እግሬ አውጪኝ! ነጥቧ ተንሳፋፊ ድንጋይ ትሁን ዘራፊ፣ ጠጋ ብሎ የሚያጣራ የለም። እህል የሚጠብቀው ጣቢያዬ በረሃብ ያልቃል።

«እናንተ ቦቅቧቆች!» እያልኩ እጮህባቸዋለሁ።

አባቴ መርሳ ዳር ማንጎ ያለማል፤ ወደ ወልድያ ገበያም ይጭናል። ስለዚህ ፍርዱ ሁልጊዜ ለጫኙ ነው። «ነጋዴ ምን ያድርግ ልጄ? ጭነት የያዘ ሰው ይፈራል» ይለኛል ከበረንዳው።

በዚያ ሰሞን አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በመስኖ ውሃ ተራ ከተኳረፈ ዓመት አልፎታል። በእኛ አገር የተጣላ ሰው ቤት አስታራቂ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ደግሞ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ደጅ የቆመ ሽማግሌን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። አባቴ ለዚህ መላ አበጀ። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ቤት አይገኝም።

ይህን ሁሉ ለወልድያው ሰው ሳልነግረው ወግ እንደሚያዘው ሦስት ሽማግሌ ላከ። ሦስቱንም አባቴ አይቷቸው አያውቅም። እሁድ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በማንጎው መሀል ብቅ አሉ። አባቴ ግንባሩን በእጁ ጋርዶ አየና «ለውሃው ነው የመጡት» ብሎ በጓሮ በኩል ወጣ። ለውሃው አይደለም እንዳልል ሴት ልጅ በራሷ ሽምግልና አፏን አትከፍትም። ለእናቴ ሹክ ብላት «ይኼማ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው» አለችኝ።

በሳምንቱ ተመለሱ። አባቴ ገና ከሩቅ ሲያያቸው «ግራና ለቅሶ ሄዷል በሏቸው» ብሎ ተሰወረ። ግራና ከተማ ግን ማንም አልሞተም።

እዚህ ላይ ሳቄ አለቀ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ሦስተኛውን ባዶ እጁን ከተመለሰ ነገሩ አከተመ ማለት ነው። የልጁ አባትም «ንቀውናል፣ ሌላ ቤት እንይ» ማለት መጀመሩን ሰማሁ። ሰው እንዳያየኝ ማጀት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴን ልጠላው ምንም አልቀረኝም።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ንዴቴን ልወጣ ጨዋታውን ከፈትኩ። አንዲት ጥያቄ ምልክት ብቅ አለች፤ ነጋዴዎቼም እንደ ልማዳቸው ፈረጠጡ። የጦር መርከብ ልኬ ሳጣራ ነጥቧ ቀይ ሆነች፣ የለየለት ዘራፊ። አሁንማ ጨርሰው ይጠፋሉ ስል፣ ተመልሰው መጡላችሁ! ዘራፊውን በሩቁ ዞር ብለው አለፉና እህላቸውን አደረሱ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ለካ ጠፈር ላይም ይሠራል።

ስልኬን አንስቼ ለወልድያው ሰው ደወልኩና የውሃውን ኩርፊያ ነገርኩት። «ከሽማግሌዎቹ ፊት አባቴ የሚያውቀው ሰው ይቅደም።»

«ማን?»

«ጎረቤታችን።»

«አብደሻል? የተኳረፉት ሰውዬ?»

«እሱን ከሩቅ ያውቀዋላ!»

ጎረቤታችን ሲለመን ጢሙን እያሻሸ ቆየና «እሷማ እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት» ብሎ ተነሳ።

በሦስተኛው እሁድ አራት ሆነው መጡ። አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። አንድ እግሩን ትንሽ ጎተት የሚያደርገውን የጎረቤታችንን አካሄድ እንኳን በቀን በጨለማም አይስተውም። እናቴ የጓሮውን በር አየት አደረገች።

«ከሱማ አልሸሽም!» አለ አባቴ፤ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ ግቢው መሀል ተገተረ።

አባቴ ከሦስቱ ጋር ብቻ ሰላምታ ተሰጣጠ፤ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ቀሩ። ጎረቤታችን ጉሮሮውን ጠረገ። «ለውሃው አይደለም የመጣሁት። ለልጃችን ነው።»

 አባቴ ከዓመት በኋላ ለዚያ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ። «ቁጭ በል» አለው። ወደ ሌሎቹም ዞሮ «አረፍ በሉ፣ ቆማችሁ አትቅሩ» አላቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ በሁለት እጄ አፌን ያዝኩ።

የውሃው ነገር እግረ መንገዱን ከምሳ በፊት አለቀ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልቀልድበት አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አየህ፣ ለውሃ መስለውህ ሁለት ሳምንት በከንቱ ስትሸሽ!»

«የመጀመሪያውን አዎ» አለኝ። «ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሲመለሱ ከማንጎው ጀርባ ሆኜ አየኋቸው፤ ሦስቱም ጫማቸውን አስጠርገዋል። ለውሃ ጠብ የሚመጣ ሰው ጫማ አያስጠርግም።»

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ሸሸህ?»

ፊቱን ወደ ማንጎው አዞረ። «ጭነቱ አንቺ ነሻ» አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መርከቦቹን ሰድቤ አላውቅም።