ለደሳለኝ ሩዝ ገዢ ፍለጋ በሎንደን

ቅዳሜ ንጋት፣ ኪልበርን

ገና ሳይነጋ ከእትዬ ዘነበች ቤት እንወጣለን። እትዬ የእናቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ ካረፍኩባቸው ጀምሮ በምግብ ብዛት ሊገድሉኝ ነው። እሳቸው የእርዳታ ዕቃ ሊያሽጉ ወደ ቸርች፣ እኔ ወደ ሃክኒ ገበያ።

ቦርሳዬ ውስጥ ወንድሜ ደሳለኝ ፎገራ ላይ ያመረተው ሩዝ አለ፤ ለናሙና በላስቲክ ቋጥሬ ያመጣሁት። እዚህ እንጀራ ጋጋሪዎች ጤፉን ከሩዝ ጋር እንደሚቀላቅሉ ሰምቻለሁ። የአምናው ምርቱ ጎተራ ውስጥ ቀርቶበታል። ገዢ ካገኘሁለት ክረምቱ ሲገባ ይዘራል፤ ካላገኘሁለት መሬቱን አከራይቶ ባሕር ዳር የቀን ሥራ ሊገባ ነው። ለእትዬ ትንፍሽ አላልኩም፤ ነገሩ ሳይያዝ ወሬ ማብዛት አልወድም።

ረፋድ፣ ሃክኒ

አውቶቡሱ ሲንቀራፈፍ፣ ዝናቡ ሲያካፋ ደረስኩ። ገበያው ዓሣ፣ ቃሪያ፣ የሕፃን ልብስ፣ የስልክ ቀፎ፣ የመቶ አገር ፊት ነው። የሐበሻ ጋጋሪዎች በሙሉ ሩዝ የሚገዙት ከአንድ ሕንዳዊ አከፋፋይ ነው ተብዬ እሱ ዘንድ ገባሁ። የኬሻውን ዋጋ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የደሳለኝ ሩዝ እዚህ እስኪደርስ ለማጓጓዣ የሚወጣው ብቻ ከዚህ ይበልጣል።

እንዴት ይህን ያህል ረከሰ ብዬ ጠየቅሁት። ወንድሙ እዚያው ሕንድ ሩዝ አምራች ነው። ለውኃ መሳቢያው መብራት በነጻ ያገኛል፣ ለማዳበሪያው መንግሥት ይደጉመዋል፣ ምርቱንም ራሱ መንግሥት ቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ይገዛዋል። ድጎማውን ማን ይነካል፣ የነካ በምርጫ ይወድቃል አለኝ። የእኔ ወንድም ማዳበሪያ የሚያገኘው ተሰልፎ ነው፣ ያውም ከደረሰው።

የወንድሜ ነው ብዬ የሰጠሁትን ናሙና መዳፉ ላይ አገላብጦ መለሰልኝ።

«ሩዙ ጥሩ ነው። ግን ወንድምሽ የሚወዳደረው ከወንድሜ ጋር አይደለም፣ ከመንግሥታችን ጋር ነው።»

ንድድ አለኝ። በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም።

ከሰዓት፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል

የቸርቹ አዳራሽ በኬሻ ተሞልቷል። ጠጋ ብዬ ሳይ ጠዋት ያየሁት ሩዝ ነው፤ ያው ማኅተም። እትዬ ዘነበች ደስ ብሏቸው ወፍራም እስክሪብቶ አስያዙኝ።

«አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፣ አድራሻውን ጻፊበት። ፎገራ፣ ወረታ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ፎገራ እኮ ሩዝ አብቃይ ነው። ደሳለኝ ምን የሚያርስ መሰለዎት?»

«ሩዝ? እኛ የምናውቀው የፎገራን ላም ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ከአገር ሲወጡ ፎገራ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። «አምናም እኮ ጎርፍ ጎዳው ሲባል ፈንድ ሬይዝ አድርገን፣ ገንዘብ አሰባስበን፣ ኮንቴይነር ሙሉ ሩዝ ልከናል።»

አምና። እዚያው ቆሜ ለደሳለኝ ደወልኩ፤ እትዬም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። አምና የእርዳታ ሩዝ መጥቶ ነበር ወይ አልኩት።

«መጥቶ ነበር እንጂ። ገበያው የሞተው ያን ጊዜ አይደል?»

እትዬ ኬሻው ላይ ቁጭ አሉ።

«አንተስ ወሰድክ?» አልኩት።

«በነጻ ከተባለ ማን ይቀራል፣ እኔም ተሰልፌ አንድ ኬሻ ወሰድኩ። ጥሩ ሩዝ ነው፣ ነጭ» አለ ወንድሜ። «አንቺስ፣ ገዢ አገኘሽልኝ?»