ባለ ጆሮዋ ከረጢት

የገላን ኮንዶሚኒየም ነፋስ ለበር አይራራም። አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆንን መስኮት ከተከፈተ በራችን ድው ብሎ ነው የሚዘጋው። በሩን የምታስቆምልኝ አንዲት የካኪ ከረጢት አለች፤ ጡብ የምታህል፣ ከላይ እንደ ጥንቸል ሁለት ጆሮ የቆመላት። ትናንት ከላይኛው ፎቅ ሰላም የምትባል ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በእግሯ ገፋ አደረገቻት።

«እትዬ ብርቄ፣ አሸዋ ነው ያለባት?»

«ጤፍ ነው» አልኳት።

«ጤፍ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ በር ማስቆሚያ?» ብላ ስቃብኝ ሄደች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ ድሮ ከምሠራበት ፋብሪካ መጋዘን ጀርባ ዋልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቃሊቲ ባለ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስፌት ክፍል እሠራለሁ፤ ምላሴም እጄም ፈጣን ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ የፋብሪካው ስፖርት ክበብ በአየር ጠመንጃ ኢላማ ያስተኩስ ነበር፤ አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው። ከሌሎች ፋብሪካዎች ጋር ለሚደረግ ውድድር አራት ሰው ተመረጠና አንድ ቦታ ቀረች። ለእሷ የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና ጉታ የሚባል የመጋዘን ሠራተኛ፣ አባቱ እዚያው አቃቂ ዳር ጤፍ የሚያርሱ። ለተመረጠ ሰው ነጭ ሸራ ጫማ ይሰጠዋል። እኔ እቴ፣ ያን ጫማ ሳስብ መርፌው ጣቴን ይወጋኝ ጀመር።

የሚተኮሰው ከጠረጴዛ ላይ ነው። ጠመንጃው ከፊት አንድ ከረጢት ላይ ይተኛል፣ ሰደፉ ደግሞ ከኋላ ባለ ጆሮ ከረጢት ላይ፣ በሁለቱ ጆሮዎች መሀል ያርፋል። «እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ከረጢት አይንቀጠቀጥም» ይሉን ነበር ሻምበል። ይሄማ የኔ ሙያ ነው ብዬ ባለ ጆሮውን ከአሮጌ ቱታ ሰፋሁና በጥጥ ውዳቂ ጠቀጠቅኩት። እኛ ፋብሪካ ትራሱም ፍራሹም የሚሞላው በጥጥ ውዳቂ ነው፤ ሌላ ነገር መኖሩም ትዝ አላለኝ። ጠመንጃው ሲተኛበት እንዴት እንደተመቸው! ስተኩስ ግን ጥጡ መልሶ ያነጥረዋል፤ ሦስት ጥይት ሦስት ቦታ። ጥብቅ አድርጌ ስይዘው ጭራሽ ባሰ።

«ብርቄ፣ ልትተኩሺ ነው ወይስ ልታስተኚው?» አሉ ሻምበል። ጉታ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

ወቅቱ ጤፍ የሚወቃበት ነበር፤ ከሳሪስ አቦ ወደ ፋብሪካው ስንሄድ ጭድ የጫኑ መኪኖች ገለባ እየበተኑብን ያልፋሉ። አንድ ሰኞ ጉታ በጨርቅ ቋጥሮ የሆነ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«በዚህ ሙዪው። ጤፍ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ አንዴ ከተቀመጠ ግን ንቅንቅ አይልም።»

ጥጡን አውጥቼ ሞላሁት። ሰደፉን አሳርፌ ከረጢቱን ሁለቴ መታ መታ አደረግኩት፣ እጄን አነሳሁ። ጠመንጃው ዝም አለ። ተኮስኩ፤ ቀዳዳዎቹ ጎን ለጎን ተነካኩ። የኢላማውን ወረቀት ይዤ መጋዘኑን ስዞር ሰው ያበድኩ መስሎት ነበር።

የመለያው ቀን ደረሰ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሦስት ጥይት፣ ቀዳዳዎቹን በአንድ የቱታ ቁልፍ መሸፈን። ቀድሜ ተኮስኩ። ሻምበል ቁልፉን ሲያስቀምጡበት ከአንዱ ቀዳዳ ጠርዙ ብቻ ብቅ አለ። ጫማው እግሬ ላይ የገባ ያህል ዘለልኩ። ከዚያ ጉታ ተቀመጠና ወደ ከረጢቱ እጁን ዘረጋ፤ ሌላ ባለ ጆሮ አልነበረንም። ቀደም ብዬ ከረጢቱን ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ!»

«ጤፉ የእኔ ነው» አለ። እርጋታው ነው የሚያናድደው።

ሻምበል ሳቁ። «ፍርዱ ቀላል ነው። ከረጢቱ ላንቺ፣ ጤፉ ለሱ። ፍቺና ድፊለት።»

እልኸኛ ነኝ፤ መቀሴን ከኪሴ አውጥቼ ክሩ ላይ አደረግኩ። መሬቱ አቧራና የመኪና ዘይት ነው። እህል እዚያ ላይ ደፍቼ በነጭ ጫማ ልሄድ? ደግሞ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ይሄ ልጅ ጤፉን ያመጣልኝ ለአንድ ቦታ እንደምንፎካከር እያወቀ ነው። አፈርኩ።

«እንካ» አልኩት። «ሁለቴ መታ መታ አድርገው።»

ሦስቱም በአንድ ቀዳዳ ገቡ ማለት ይቻላል። ቁልፉ ሸፍኗቸው ዙሪያውን ተረፈ። ቦታዋ ለሱ ሄደች።

መጋዘኑ ጥግ ሄጄ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ጉታ ከረጢቱን ይዞ መጣ።

«ያዢው።»

«ጤፍህስ?»

«እሱም አንቺ ጋ ይሁን» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። ልቤ ስተኩስ እንኳ እንደዚያ አልመታም።

ዛሬ ጠዋት ሰላም ወንፊቱን ይዛ ተመለሰች። «እትዬ፣ ጤፉን ልንፋልዎትና በምትኩ አሸዋ እንሙላባት» አለችኝ፣ ከልቧ ልትረዳኝ አስባ። ጉታ ሶፋው ላይ ሆኖ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። ነጩን ጫማ እስኪቀደድ የተጫማው እሱ ነው፤ ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቀረው ግን አንዱም አይቆጨኝም።

ከረጢቷን በሩ ሥር አድርጌ ሁለቴ መታ መታ አደረግኳት።

«ልጄ፣ ጤፉ የሱ ነው፣ ከረጢቱ የኔ» አልኳት። «ስንት ጊዜ ተጣልተን ልንፈታት መቀስ አንስተናል፤ ማን ይድፋው?»