በአራተኛው ዙር የወሰድኩት ተጫዋች

ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ሲያይ ኖረ። ሥራው ይኸው ነበር። በልብስ ፋብሪካችን ጥራት ክፍል ውስጥ ከሥሩ መብራት የሚበራለት የመስታወት ጠረጴዛ አለ። ጥቅል ጨርቅ በላዩ ቀስ እያለ ያልፋል፤ እሱ ቆሞ ያያል። የተበጠሰ ክር፣ ያልያዘ ቀለም፣ የመርፌ ቀዳዳ ባየ ቁጥር በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ቤት ሲገባም ዓይኑ አያርፍም። እራት ላይ የእንግዳ ኮሌታ ላይ ሲያፈጥ ባለቤቱ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ትነካዋለች።

እኔ የሰባት ዓመት ታናሽ እህቱ ነኝ። ጋሼ ነበር የምለው። ፋብሪካው ያስገባኝም እሱ ነው። እሱ ያሳለፈው ጨርቅ እኔ ወዳለሁበት ቆረጣ ክፍል ይመጣል፤ እኛ በልኩ እንቆርጠዋለን።

በምሳ ሰዓት ስምንት ሆነን ፋንታሲ ቅርጫት ኳስ እንጫወት ነበር። ለማያውቀው ሰው ጨዋታው እንዲህ ነው። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ዕጣ እናወጣና በተራ በተራ እውነተኛ ተጫዋቾችን እንመርጣለን። ይህን ድራፍት እንለዋለን። አንዱ የወሰደውን ሌላው አይወስድም። ከዚያ ወዲያ የመረጥነው ሰው ያስቆጠረው፣ ከቀለበቱ ስትመለስ የያዛት ኳስ፣ ያጨናገፈው ውርወራ ሁሉ ለእኛ ነጥብ ይሆናል። መጨረሻ የወጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ የስምንታችንን የሻይ ኩባያ ያጥባል።

ጋሼ ሦስት ዓመት በተከታታይ አጥቧል። ችግሩ፣ የሚመርጠው አንጀቱን የበሉትን ነው፤ ከጉዳት የተመለሰውን፣ ቡድኑ የሸኘውን፣ ዕድሜው የገፋውን።

"የአንተ ቡድን እኮ አሠልጣኝ ሳይሆን አምቡላንስ ነው የሚያስፈልገው" ይለዋል የስፌት ማሽን መካኒኩ።

ጋሼ እጁ አረፋ ውስጥ እንዳለ ይስቃል። "አንተ ብቻ ኩባያህን ከነቅጠሉ አታምጣብኝ።"

ሳቁ ግን ቤት ድረስ አይከተለውም ነበር። አንድ እሑድ ትንሿ ልጁ "አባዬ፣ ዘንድሮም አንተ ነህ የምታጥበው?" ስትለው ሰማሁ። "ዘንድሮስ አላጥብም" አላት። የምሩን ነበር።

በዚያው ሳምንት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዛ። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት የተቀዱ ጨዋታዎችን በአሮጌ ኮምፒውተር፣ ድምፁን አጥፍቶ ያይ ጀመር። አብረን ለመሄድ ስመጣ ጫማውን በአንድ እግሩ አጥልቆ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ አገኘዋለሁ።

"ኳሷን አትከተያት" አለኝ አንድ ጠዋት። "ኳሷን ሁሉም ያያታል። ይሄን እይው።"

ያሳየኝ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ገና ከተቀያሪዎች ወንበር ተነስቶ የገባ ረጅም ተጫዋች ነው።

"ምን አደረገ?"

"ምንም። ግን ኳሷ የምትወድቅበት ቦታ ቀድሞ ቆሟል። አየሽ?"

ዝምተኛው የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። በጨዋታ አሥራ ሰባት ደቂቃ ብቻ ስለሚገባ፣ በየጨዋታው አማካይ በሚደረደሩት ዝርዝሮች ላይ ስሙ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ጋሼ ግን ሁሉን ነገር በደቂቃ አካፍሎት ነበር። በደቂቃ ሲታይ ሰውየው ከታላላቆቹ ጋር እኩል ነው።

"አሥራ ሰባት ደቂቃ እየገባ ምን ይጠቅምሃል?" አልኩት።

"ከፊቱ ያለው ቋሚ ተሰላፊ ቁጭ ሲል ጉልበቱን በእጁ ይደግፋል። አሥራ አንድ ጨዋታ ላይ አይቼዋለሁ። ያ ጉልበት ዓመቱን አይዘልቅም።"

ከዚያ ደብተሩን ሰጠኝ። "ሁለተኛ ዓይን ሁኚኝ።"

ይህ የጥራት ክፍል አነጋገር ነው። አንድ ተቆጣጣሪ ያየውን ጥቅል ሌላ ሰው ደግሞ ሳያየው አይወጣም። ሁለተኛው ዓይን ታዲያ በምንም ምክንያት ከቆረጣ ክፍል አይመጣም፤ ቆራጭ ጨርቁን ይፈልገዋላ፤ ለሚፈልገው ነገር ዓይኑ ያደላል። ይህን ደንብ ያስተማረኝ ራሱ ጋሼ ነው። ደብተሩን የሰጠው ግን ለእህቱ ነበር፤ ቆራጭ መሆኔ፣ በዚያው ጨዋታ ውስጥ መኖሬም ትዝ አላለው።

ሁለት ቀን ሙሉ መረመርኩት። ልክ ነበር፤ እንዲያውም አሳንሶታል። ዝምተኛው ለጓደኞቹ የሚያቀብላቸውን ኳሶች መቁጠር ረስቶ ነበር። ደብተሩን ስመልስ፣ "ጥሩ ነው ጋሼ፤ ግን አትቸኩል። ማንም አያውቀውም። እስከ አምስተኛው ዙር ይቆይልሃል" አልኩት።

ይህን ስል የምሬን ይመስለኛል። ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ለመማል ግን አፌ አይደፍርም።

በድራፍቱ ቀን ዕጣው እኔን ሦስተኛ፣ እሱን አምስተኛ አደረገን። በአራተኛው ዙር መካኒኩ ያሰብኩትን ሰው ከአፌ ነጠቀኝ። ወረቀቱን የሚጽፈው የመጋዘን ኃላፊው እርሳሱን አንስቶ "ተራሽ ነው" አለ። ፊቴ ያለው ዝርዝር ተምታታብኝ። አንድ ስም ብቻ ጥርት ብሎ ታየኝ። ጠራሁት።

"ማነው ደግሞ እሱ? የአጎትሽ ልጅ ነው?" አለ መካኒኩ። ሌሎቹም ሳቁ።

የመጋዘን ኃላፊው ገጽ ሲያገላብጥ ቆይቶ መጨረሻው ላይ አገኘው። "ከየት አወጣሽው?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ራሴ ነኝ ያየሁት" አልኩ።

ጋሼ ደብተሩን ዘጋ። ተራው ሲደርስ መልሶ ከፈተው፤ ትንሽ ቆየና የሠላሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ መረጠ።

ማታ አውቶቡስ ስንጠብቅ "ልክ ነሽ፣ አምስተኛው ዙር ይዘገያል። አራተኛው ነው ቦታው" አለኝ። ፊቱን አላጠቆረም። ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ተጫዋች መለዋወጥ ይፈቀዳል፤ "ልመልስልህ" ልለው አሰብኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለተኛው አሳደርኩት፤ በሁለተኛው ለሦስተኛው። ሦስተኛው አለፈ።

በሰባተኛው ሳምንት የቋሚው ተሰላፊ ጉልበት አልቻለም። ዝምተኛው ሠላሳ አምስት ደቂቃ መጫወት ጀመረ፤ እኔ ከስድስተኛ ወደ አንደኛ ወጣሁ። መካኒኩ "ዓይን ማለት የእሷ ነው" እያለ ለሌላው ክፍል ሁሉ አወራልኝ። ጋሼ እዚያው የኩባያ ማጠቢያው ገንዳ ጋ እጅጌውን ጠቅልሎ ይሰማል። እሱ ራሱ በየጠዋቱ ዝምተኛውን ማየቱን አልተወም ነበር።

"ግራ እግሩን ፈራ ፈራ እያለ ነው የሚረግጠው፤ ቁርጭምጭሚቱ ነው። ይህን ሳምንት አሳርፊው" አለኝ አንድ ቀን።

አሳረፍኩት። ሰውየው በዚያ ሳምንት ሜዳ አልገባም። "አላልኩሽም?" አለኝ፤ ደስ ብሎት።

በውድድሩ አምስተኛ ወር አንድ ማክሰኞ ጋሼ ጨርቁን አስቁሞ ወንበር ጠየቀ። ቁጭ አለ፤ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ውድድሩ ሲያልቅ አንደኛ ወጣሁ። ያጽናናት ይሆናል ብለው አጨበጨቡልኝ።

ከአርባኛው ቀን በኋላ ልብሱን ልናነሳ ከባለቤቱ ጋር ቁምሳጥኑን ከፈትን። "እንዴት ይኮራብሽ እንደነበር" አለችኝ። "እህቴ ማንም ያላየውን ተጫዋች አወጣች እያለ ለልጆቹ ሲያወራ ነው የከረመው።"

የያዝኩት ሸሚዝ እጄ ላይ ቀረ። "እሱ ነው ያገኘው" አልኳት።

"ምኑን?"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ደብተሩን፣ አምስተኛ ዙር ያልኩትን፣ ራሴ ነኝ ያልኩትን። ሱሪ እያጠፈች ነበር፤ አጥፋ እስክትጨርስ አላየችኝም።

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አለች። "እኔ እሱን አውቀዋለሁ። ኩባያ ሲያጥብ ያዩት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ንገሪያቸው።" መሳቢያውን ስባ ደብተሩን ሰጠችኝ።

አዲሱ ድራፍት ሲደርስ ሰባት ሆነን ተቀመጥን። መካኒኩ "እህሳ፣ ዘንድሮስ ማንን ደብቀሽ ይዘሻል?" አለኝ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለጋሼ ባለቤት የነገርኳትን ነገርኳቸው።



"ያኔ ለምን አልነገርሽንም?" አለ መካኒኩ።

"ማሸነፍ ፈልጌ።"

የመጋዘን ኃላፊው ተነስቶ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ከፋይሉ አወጣ። የዝምተኛውን ነጥብ ከእኔ ላይ ቀንሶ ጋሼ ላይ ደመረው፤ የሽማግሌውን ደግሞ ከእሱ ወደ እኔ አዞረው። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራ። ሰባታችንም እርሳሱን እናይ ነበር። ጋሼን አንደኛ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምናልባትም እንዲያ ቢል የበደሌ መጠን ቁርጡ ይታወቅልኝ ነበር።

"አራተኛ" አለ።

"እኔስ?"

"ሰባተኛ።"

መካኒኩ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ቁጥሩን በጣቱ ተከተለው። ቀልድ ጠብቄ ነበር። "እሱ እኮ አራተኛ ወጥቶ አያውቅም" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ።