ለፊልም የተተከለ ድንኳን

ሀብተሥላሴ ሬሳ ሆኖ ለመተወን ሲስማማ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ ኖሮ ጡረታው ሊደርስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። በቂርቆስ መንደሩ ሰው የሚያውቀው ግን በእድሩ ንብረት ጠባቂነቱ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች በእሱ እጅ ናቸው።

ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ፤ አስፈሪ ፊልም ይወዳል። ደኅናውን አይደለም የሚወደው። በደኅናው የሚቀልደውን፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራውን፣ እያስፈራራ የሚያስቀውን ነው። ይህ ፍቅር የያዘው በወጣትነቱ፣ ካዛንቺስ ውስጥ በቆርቆሮ በታጠረ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጭራቁ ጎንበስ ሲል ከጭንብሉ ሥር የሸሚዝ ኮሌታ ብቅ ይላል። ከመቃብር የወጣችው ሴትዮ ሰዓት አስራለች። የሚበረው ጭንቅላት የተንጠለጠለበት ሲባጎ ይታያል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ «ገመዱ! ገመዱ!» እያለ ይጮኻል። ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ የለም። ሰፈሩም ፈርሶ ሀብተሥላሴ በዚያ ሲያልፍ በሩ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቅቶት ይቆማል።

«ምን አግኝተህበት ነው ግን?» ትለው ነበር ሚስቱ ስመኝ።

«ውሸቱን አይደብቅማ! በደኅናው ፊልም እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው የሚፈራው። በዚህኛው አብረን ፈርተን አብረን እንስቃለን።»

ጉድለቱም አይጠፋውም። አንዱን ቀልድ ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል። ሴቶቹ ከመጮኽ በቀር ሥራ የላቸውም። ብዙዎቹ ደግሞ መሐል ላይ ይደክሙና መጨረሻቸው እንዲያው የተቆረጠ ይመስላል። ከሁሉ በላይ ቅር የሚያሰኘው ግን ሌላ ነበር፤ በየአምስት ደቂቃው ሰው ይሞታል፣ የሚያለቅስ ግን የለም። የሞተው ማን እንደነበረ፣ ማን እንደሚጠብቀው የሚጠይቅ አይገኝም። አንዳንድ ቀን ሲስቅ አምሽቶ ሲወጣ፣ ሳይጠግብ ከማዕድ እንደተነሣ ሰው ሆዱ ባዶ ይሆንበታል።

የሬሳውን ነገር ያመጣው የጎረቤቱ ልጅ ልዑልቃል ነው፤ ምህንድስና ተምሮ ካሜራ ያነሣ ወጣት።

«ማለቴ፣ ጋሽ ሀብቴ፣ አንድ ቋጣሪ ሽማግሌ ይሞታል። ለቀስተኛው ተሰብስቦ ሲያለቅስ ከሳጥኑ ብድግ ይልና ‹ንፍሮው ጨው የለውም!› ብሎ ይጮኻል። ሰው እግሬ አውጪኝ! ሙድ አለው አይደል?»

«አለው። ሬሳውን ማን ይሠራዋል?»

«እርስዎ ነዎት በቃ። ፊትዎ... አይቀየሙኝም?»

«ፊቴ ምን ሆነ?»

«ብዙ ሜካፕ አይፈልግም።»

ሀብተሥላሴ ከልቡ ሳቀ። ስመኝ ግን «በቁምህ ሳጥን ልትገባ? ሟርት ነው!» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችው። እሱ እንደሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ነግሯል። ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር መስታወት ፊት ቆሞ ስንት ጊዜ እንዳላት ራሱም አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ከአግዳሚ ላይ ሆኖ ያየው ነገር ውስጥ ሊገባ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑን ራሱ አስተከለ። ለጎረቤቱ ሁሉ አስቀድሞ ተነግሯል። ካሜራው የውሰት ስለሆነ ስድስት ሰዓት ላይ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ዕድሉ አንድ ብቻ ነው። ፊቱን ዱቄት ቀቡት፣ አፍንጫው ላይ ጥጥ አደረጉለት፣ ሳጥኑ ውስጥ አጋደሙት።

«ልጄ፣ በእኛ አገር ሳጥን ተከፍቶ ድንኳን ውስጥ አይለቀስም እኮ» አለ ተጋድሞ።

«ፊልም ነው፣ ጋሽ ሀብቴ!»

ወጣቶቹ ለቀስተኞች እየተጎሻሸሙ ማልቀስ ጀመሩ። ግማሹ ሳቁን ነጠላው ውስጥ ይደብቃል።

ይህን ጊዜ ነው ጎረቤታቸው ገበያነሽ የመጣችው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ልጇ ቤት ሁለት ቀን ቆይታ መመለሷ ስለነበር ስለ ፊልሙ የነገራት የለም። ከታክሲ ወርዳ ስትመጣ ድንኳኑን አየች፤ የእድሩን ስም አነበበች። ማን እንደሞተ መጀመሪያ አይጠየቅም፤ ተገብቶ፣ ተለቅሶ፣ ከዚያ ነው አጠገብ የተቀመጠ ሰው በሹክሹክታ የሚጠየቀው። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ገባች፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች አነባች።

«ኪዱ! ወንድም ጋሼ፣ ኪዱ! አፈር ሳላለብስህ! ድምፅህን ሳልሰማ!»

ወጣቶቹ መጎሻሸሙን ተዉ። ሀብተሥላሴ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ስሙን አወቀው። ወንድሟ ኪዱ ሰሜን ውስጥ የሞተው መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ነው። መርዶው የደረሳት ከስምንት ወር በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ሀብተሥላሴ ደጃፏ ላይ ቆሞ «ድንኳን ላውጣ?» ብሏት ነበር። «ተወው» አለችው። የማን ዘመድ የት እንደሞተ ጮክ ብሎ መናገር የሚያስፈራበት ወቅት ነበርና እሱም አላጠበቀም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ቀለል ብሎት እንደነበር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም።

ልዑልቃል ካሜራውን ለያዘው ልጅ «እንዳታቋርጥ!» ሲል ተሰማው። ዓይኑን በስሱ ገለጠ። የልጁ እጅ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ተነሣ ማለት ነው። ብድግ ቢል ድንኳኑ በሳቅ ይፈርሳል፣ የገበያነሽ ዕንባም በየሰው ስልክ ላይ መሣቂያ ሆኖ ይዞራል።

እጁ ደግሞ ተነሣ። «ጋሽ ሀብቴ፣ አሁን!»

«ገበያነሽ» አለ ከሳጥኑ ሳይነሣ፣ በቀስታ። «እኔ ሀብቴ ነኝ። አትደንግጪ። አልሞትኩም።»

ልቅሶው ቆመ። ገበያነሽ ተነሥታ ጎንበስ ብላ አየችው።

«በስመ አብ! ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ፊልም ነው።»

ካሜራውን አየች፣ ወጣቶቹን አየች። «አንተ የማታፍር ሽማግሌ! ጥጡን አውጣው እስቲ፣ አስቀያሚ!»

አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣት። ገበያነሽም አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዋ ተከተለው። ልዑልቃል መጥቶ እግሯ ሥር ቁጢጥ አለ።

«እትዬ ገበያነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እንዲህ ያለ ሾት በሕይወቴ አንሥቼ አላውቅም። ልጠቀምበት?»

እሷ ወደ ሀብተሥላሴ ዞረች። «ምን ዓይነት ፊልም ነው?»

በዚህ ዓይነት ፊልም ዘመኑን ሙሉ ሲጎድልበት የኖረው ነገር አሁን ካሜራው ውስጥ ነው። ሀብተሥላሴ ይህን ከልጁ ይልቅ ያውቃል። ፈልጎታልም።

«የሚያስቅ» አለ። «ተነሥቼ ንፍሮው ጨው የለውም ልል ነበር።»

«ከለቅሶዬ በኋላ?»

«ከለቅሶሽ በኋላ።»

ሀብተሥላሴ መልሷን አልጠበቀም። «አጥፋው» አለው ልዑልቃልን።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ካሜራው ሊመለስ ነው እኮ! የእርስዎም ክፍል አብሮ መጥፋቱ ነው!»

«ገብቶኛል። አጥፋው።»

ልጁ የተቀረጸውን ዓይኗ እያየ አጠፋው። ፊልሙ ከወራት በኋላ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ሬሳውን ሌላ ሰው ሠርቶት ነበር። ሀብተሥላሴ ሁለት ጊዜ አየው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳቀ።

ያን ዕለት ግን ገበያነሽ ቦርሳዋን አንሥታ ልትሄድ ስትል ከሳጥኑ ወጥቶ መንገዷን ዘጋባት።

«ተቀመጪ። ድንኳኑ እስከ ማታ አይፈርስም።»

«ሀብቴ፣ አራት ዓመት አልፎት?»

«ያኔ ማውጣት ነበረብኝ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሳጥኑን አስወጥቶ ፊቱን ታጠበና ከጎኗ ተቀመጠ። ወጣቶቹም የሚሄዱ መስሎት ነበር፤ አልሄዱም። ድንኳኑን ያየ መንገደኛ አንድ በአንድ ይገባ ጀመር። ከረፋዱ ላይ ባለሱቁ ጅብሪል ካሜራው ተነሥቶ ሰው አለመበተኑን ሲያይ ሱቁን ዘግቶ መጣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ሀብተሥላሴ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ማን ነው?»

«ኪዱ ነው። የገበያነሽ ወንድም።»

«መቼ?»

«ከአራት ዓመት በፊት።»

ጅብሪል ሌላ ነገር አልጠየቀም። በሩ ላይ ሌሎች ሰዎች ቆመው ስላየ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።