በባዶ ሆድ የሚሰጥ

ሰብሪያን የማውቃት በግድግዳ ነው። የእኔ ልብስ ስፌትና የእሷ ሱቅ ቦንጋ ገበያ አጠገብ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ከኋላ ያሉት መኖሪያዎቻችንም እንደዚያው። መሃላችን ያለው ጭቃ ስለሳሳ እሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ። ያህያ የሚባለው ባሏ ዕቃ ይዞ በሺሺንዳና በደካ ገበያ ስለሚዞር ቤቱ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው።

የወሎ ልጅ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሰፈራ ወደ ካፋ ሲያመጧቸው ገና ልጅ ነበረች። ስለዚያ መንገድ ብዙ አታወራም፤ አንድ ነገር ብቻ ነግራኛለች። መጠለያ ውስጥ ታናሽ ወንድሟ ታሞ ነጭ ክኒን ሰጡት። ሆዱ ውስጥ ምንም አልነበረም። ሲነጋ ሞቶ ተገኘ። «ክኒኑ አንጀቱን በላው» ትላለች። የገደለውማ ረሃቡ ነው ብዬ ብከራከራት ስንት ቀን አኮረፈችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላነሳሁባትም።

በ1996 ዓ.ም. ክረምት የሰባት ዓመት ልጇን ካውሰርን ከጉልበቷ ሥር አመማት። ወድቃ መስሎን እግሯን አሸንላት። ትኩሳቱ ሲጠና ሆስፒታል ገባች፤ አጥንቷ ውስጥ መግል መያዙ ታወቀ። በመርፌ ስትታከም ሰንብታ ትኩሳቱ ሲለቃት፣ የቀረውን ቤቷ ሆና እንድትጨርስ ክሎክሳሲሊን የሚባል እንክብል ተሰጣት። ያዘዘላት ኢሳያስ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነው። ኪሎዋን መዝኖ፣ በየስድስት ሰዓቱ ምን ያህል እንደምትውጥ አስልቶ፣ «ከምግብ በፊት፣ በባዶ ሆድ። ከዋጠችም በኋላ አንድ ሰዓት ምንም እንዳትቀምስ» አለ። ደጋግሞ ነገራት። ሰብሪያ ራሷን ነቀነቀች።

ከሆስፒታሉ ግቢ አብረን እንደወጣን «ይሄ ልጅ ተርቦ አያውቅም» አለችኝ።

ተቆጣኋት። ዝም አለች፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ እሺ ያለች ይመስላል። ቤቷ ገብታ ግን የልቧን አደረገች። ከእያንዳንዱ እንክብል በፊት ገንፎ በቅቤ፣ ወተት በማር። መድኃኒቱን የረሳችበት ቀን የለም፤ ሌሊትም ቀስቅሳ አብልታ ነው የምታውጣት። ግዴለሽ እናት እንዳትመስላችሁ። እንዲያውም ግዴለሽ ብትሆንና ሳታበላት ብትሰጣት ኖሮ ልጅቷ ያኔውኑ ትድን ነበር ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

የካውሰር ጉንጭ ሞላ። ያያት ሁሉ «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ አንድ ቀን እግሯ እንደገና አበጠ፤ ፈንድቶም መግል መውረድ ጀመረ።

ሆስፒታል ወስደናት ኢሳያስ መዘናት።

«ኪሎ ጨምራለች አይደል?» አለች ሰብሪያ።

«ጨምራለች። መድኃኒቱን አቋርጣችሁ ነበር?»

«ወላሂ አንድም አላለፈኝ። ደግሞ አጥግቤያት ነው እንጂ አንድም ቀን በባዶ ሆዷ አልሰጠኋትም።» ይህን ያለችው ኮርታ ነው።

ቢቆጣት ይሻል ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ቀስ አድርጎ አስረዳት። የመድኃኒቱ መንገድ ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አጥንት ነው። ደሙ ውስጥ ካለው ላይ አጥንት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው፤ በኪሎዋ የተሰላውም ያ ጥቂት እንዲበቃ ተብሎ ነው። ሆዷ ምግብ ከያዘ ብዙው ወደ ደሟ ሳይገባ ይቀራል። አጥንቷ ጋ የሚደርሰው ተህዋሲውን ለመግደል አይበቃም።

«አበላኋት እኮ» አለች ሰብሪያ። አንጀቴን በላችኝ።

ካውሰር ጅማ ተወስዳ የሞተው አጥንት በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ስንመለስ ያው እንክብል ነበር የተሰጣት፤ ይሄም ካልያዘ እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል ተነግሮናል። እግሩ ተርፏል፤ አጥሮም ቢሆን ተርፏል። ከልቤ የማይወጣው ግን ቤት በገባን ማግስት ያለው ጠዋት ነው።

ሰብሪያ በማለዳ መጥታ የምግብ ቁም ሳጥኗን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረች። «እትዬ ትርንጎ፣ ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ» አለችኝ። ተመልሳ ካውሰርን እንክብሉን በውሃ ብቻ አዋጠቻት። ትንሽ ቆይቶ «እማ፣ ራበኝ» የሚል ድምፅ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ወዲያው ሰብሪያ በሬ ላይ ቆመች።

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

«አልሰጥም።»

«ቁራሽ ዳቦ ብቻ። ቁራሽ ምን ያደርጋታል?»

«አልሰጥም አልኩሽ።»

ጨካኝ አለችኝ፤ መካን ስለሆንኩ የልጅ ነገር እንደማይገባኝም ነገረችኝ። እኔ ስናደድ አፍ የፈታሁበት ካፊኖኖ ይቀድመኛል፤ በቅጡ በማትሰማው ቋንቋ የመጣልኝን መለስኩላት። አንዴ ደግማ ብትለምነኝ ኖሮ ግን የምሰጣት ይመስለኛል። አልለመነችኝም። ተመልሳ ሄዳ ልጇ አጠገብ ስትቀመጥ ሰማሁ።

ካውሰር አልቅሳ ሲደክማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማ፣ ምን አጥፍቼ ነው የማታበይኝ?» አለቻት።

መርፌዬን ጨብጬ ጠበቅሁ።

«ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ» አለች ሰብሪያ። «ያበላሁሽ እኔ ነኝ።»