«ግራ ክንድ» የተባለው ጠርሙስ

ታላቅ እህቴ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው የተረጋጋች ይመስለውና ወሬውን ይቀጥላል፤ የሚያውቃት ግን ወንበሩን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ይስባል። ሃያ ስምንት ዓመት አብሯት የኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ባሏ፣ «ድምጿ ከጠፋ ፍሬን መያዝ ነው» ይላል። እኔ ራሴ ፀጉሬ ሸብቶም እንኳ እሷ ስታንሾካሹክ ወንበሬን እስባለሁ።

ሥራዋ ጀርም ማብቀል ነው። ሌላው ሰው ጽጌረዳ ያበቅላል፣ እህቴ ጀርም ታበቅላለች። የምትሠራበት የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚታያት የሰው ጫማ ብቻ ነው። ዶክተሮቹ ትኩሳት ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ ጀርም ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ሲፈልጉ የደም ካልቸር ያዛሉ። ነርሷ ደም ቀድታ ሾርባ የመሰለ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ትጨምራለች፤ እህቴ ጠርሙሱን ሙቀት ያለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ደሙ ውስጥ ጀርም ካለ ይበቅላል። ነገር ግን ጀርም በእኔም በአንተም ቆዳ ላይ አለ። ቆዳው በደንብ ካልጸዳ መርፌው የቆዳውን ጀርም ይዞ ይገባና ጠርሙሱ ውስጥ ይበቅላል፤ ጤነኛው ሰውዬም ደሙ ተመርዟል ይባላል።

ለዚህ ነው ደሙ ሁለት ጊዜ፣ ከቀኝና ከግራ ክንድ የሚቀዳው። የቆዳ ጀርም ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ከበቀለ በመርፌው የገባ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በሁለቱም አንድ ዓይነት ጀርም ከበቀለ ግን ይታመናል። ይህን ሕግ ሆስፒታሉ ውስጥ ያስገባችው እህቴ ናት፤ «ቀኝ» እና «ግራ» ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ሁሉ ወደመጣበት ትመልሳለች። ቆዳው የሚጠረግበት የአልኮልም ነገር አለ። አልኮል የሚሠራው ሲደርቅ ነውና በየክፍሉ እየዞረች «ይድረቅ፣ ይድረቅ» ስትል ስሟ «እትዬ ይድረቅ» ሆኖ ቀረ። በየወሩ ደግሞ ከመቶ ጠርሙስ ስንቱ በቆዳ ጀርም እንደተበላሸ ጽፋ በነርሶች ሰሌዳ ላይ ትለጥፋለች። ባለፈው ወር አሥራ አንድ ነበር። ማንም አላየውም፤ በላዩ ላይ «ጥቁር ጃንጥላ ጠፍቶብኛል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአንድ ቀለም ቀቢ ሁለት ጠርሙሶች አበቀሉ። በሁለቱም ያው የቆዳ ጀርም ነው። ወሩን ሙሉ ጠርሙስ ሲያበላሽ የከረመ ጀርም ስለሆነ እህቴ አላመነችምና ወደ ላይ ደወለች።

«ዶክተር፣ ይሄ የቆዳ ጀርም ይመስለኛል። ይደገም» አለችው ወጣቱን ሐኪም።

«ከቀኝም ከግራም እኮ ነው የበቀለው» አላት። «ሕጉ የእርስዎ አይደል? እኔ የሐሙሱን ኦፕሬሽን ሰርዣለሁ። አሥራ አራት ቀን መድኃኒት በደም ሥር ይወስዳል።»

«የምን ኦፕሬሽን?»

«ክርኑ ተሰብሯል፣ ከመሰላል ወድቆ። አጥንት ሐኪሙ በዚህ ሳምንት ካልተሠራ እንደታጠፈ ይቀራል ብሎ ነበር፤ ግን ደሙ ተመርዞ እንዴት ይቀደዳል?»

እንደታጠፈ የቀረ ክንድ ያለው ቀለም ቀቢ። እህቴ ስልኩን ዘጋችና ደረጃውን ወጣች።

ሰውዬው መስኮት ሥር ተኝቷል። ሚስቱ ጫማውን በፌስታል ይዛ እግርጌው ተቀምጣለች። እህቴ አልጋው አጠገብ ደርሳ ቆመች፤ ካየችው ነገር ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። የሰውዬው ግራ ክንድ ከጣቶቹ ሥር እስከ ትከሻው በጀሶ ተለብጧል።

በጣቷ አጥንት ጀሶውን ኳ ኳ አደረገችው።

«ይሄ መቼ ነው የታሰረልህ?»

«ቅዳሜ፣ የወደቅኩ ዕለት።»

«እሁድ ደም ሲቀዱህ ፈቱልህ?»

«እትዬ፣ ይሄን ለመፍታት መጋዝ ያስፈልጋል።»

«ስንቴ ወጉህ ታዲያ?»

«አንዴ፣ በቀኝ። ልጅቷ እጇ ቀላል ነው፣ አልዋሽም።»

«ትኩሳቱስ?»

«እሁድ ብቻ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ እንደኔና እንደርስዎ ነው» አለች ሚስቱ። «ግን ኦፕሬሽኑ ቀረ አሉን። እሱ የሚቀባው በግራ እጁ ነው።»

እህቴ ነርሷን መድኃኒት የሚገፋበት ጋሪ አጠገብ አገኘቻት። ድምጿ በዚህ ጊዜ ለጉንዳን እንኳ አይሰማም።

«ሲስተር፣ ‹ግራ ክንድ› ብሎ የጻፈው የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ደሙን ከጀሶው ውስጥ ጨምቀሽ ነው ያወጣሽው?»

ነርሷ ጓንቷን አወለቀች። «እትዬ፣ አይሹፉብኝ። ሠላሳ አራት በሽተኛ አለ፣ እኛ ሁለት ነን። አንዴ ወግተን ለሁለቱም ጠርሙስ እናካፍላለን። ሰውን ለምን ሁለቴ እናሳምማለን? ‹ቀኝ፣ ቀኝ› ብለን ስንልክ የሚመልሱብን ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«እናካፍላለን አልሽ? እነማን?»

«ሁላችንም። እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ነበር።»

እህቴ ይህን የነገረችኝ በሹክሹክታ ነው። እኔ ነርሷን ልረግምላት አፌን ስከፍት «ተዪ» አለችኝ። በነርሷ ብቻ አልነበረም የተናደደችው። ስንት ዓመት «በሁለቱም ክንድ በቅሏል» እያለች ፈርማለች። በፊርማዋ የተኛውን፣ በማያስፈልገው መድኃኒት ኩላሊቱ የደከመውን፣ ሥራው የቀረበትን ሰው ቁጥር ማን ያውቃል? ጠርሙሱ ላይ ቃሉ እስካለ ድረስ ክንዱ መኖሩን ጠይቃ አታውቅም።

ወጣቱ ሐኪም ተጠርቶ መጣ። ጀሶውን ዓይቶ ጆሮው ቀላ፤ መድኃኒቱም ገና ስላልተጀመረ እስከ ሐሙስ እንዲቆይ ተስማማ። ኦፕሬሽኑን ግን «ውጤት ሳላይ አልመልስም» አለ።

ደሙ ዳግመኛ ሲቀዳ እህቴ እንደ ግድግዳ ቆማ ነበር። ከቀኝ ክንዱ፣ ከተለያየ ቦታ፣ በግማሽ ሰዓት ልዩነት፣ ሁለት ጊዜ። ነርሷ የጠርሙሱን ክዳን አነሳች፤ «መርፌው የሚገባበት ጎማም ይጠረግ» አለች እህቴ። ነርሷ ቆዳውን ጠረገች፤ ከዚያ ደም ሥሩን ለማግኘት እንደልማዷ በጣቷ ዳበሰችው።

«መርፌውን አስቀምጪው። እንደገና ጥረጊ።»

«በጓንት እኮ ነው የነካሁት።»

«በዚያው ጓንት አልጋውን ስበሻል፣ መጋረጃውን ገፍተሻል። እንደገና።»

ነርሷ ጠረገች። ጠበቁ። ቀለም ቀቢው ክንዱን እንደ ዕቃ ዘርግቶ ያያቸዋል።

«ትክክል ነዎት እትዬ» አለ። «የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን የደረበ ቀለም ቀቢ፣ በዓመቱ ግድግዳው ይላጥበታል።»

«አንተ ዝም በል፣ ክንድህን አታንቀሳቅስ» አለችው እህቴ። ነርሷ ግን ሳቀች፣ መርፌውም ገባ።

ረቡዕ ጠርሙሶቹ አላበቀሉም። ማታ እራት ላይ ባሏ «ጀርሞችሽ እንዴት ዋሉ?» ቢላት «የሉም» አለችው በሹክሹክታ፤ እሱም ሳህኑን ይዞ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ።

ሐሙስ ማለዳ ጠርሙሶቹ እንደጠራ ሻይ ኩልል ብለው ተቀምጠዋል። እህቴ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሃያ ነጭ ጋውን በአንድ ክፍል። አንኳኩታ ሳትጠብቅ ገባች።

«ስብሰባ ላይ ነን» አለ ወጣቱ ሐኪም።

«አውቃለሁ። የቀለም ቀቢው ጠርሙሶች ንጹሕ ናቸው። ካርዱ ላይ ‹የደም መመረዝ› ብለው የጻፉትን ይሰርዙልኝ፤ ማደንዘዣ ሰጪው ያንን ካየ አይነካውም።»

ድምጿ ዝቅ ስላለ ሃያው ሰው ለመስማት አንገቱን አሰገገ።

«ገና ሁለት ቀን አልሞላውም እኮ። ደንቡ አምስት ቀን መጠበቅ ነው። ከስብሰባው በኋላ እንነጋገራለን።»

«ደሙ ውስጥ ጀርም ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ እስካሁን ይታይ ነበር። ትኩሳት ከሰኞ ጀምሮ የለውም። የኦፕሬሽኑ ተራ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል።» ከዚያ አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «ከሌለ ክንድ የተቀዳ ደም ውጤት ስታይ ኦፕሬሽኑን ያኔውኑ ሰረዝክ፤ አምስት ቀን አልጠበቅክም። ካለው ክንድ ሲቀዳ ነው የምትጠብቀው?»

ወጣቱ ሐኪም ዋናውን ሐኪም አየው። ዋናው ሐኪም መነጽሩን አውልቆ «የምን የሌለ ክንድ ነው?» አለ። እህቴ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችው፤ አንዴ መውጋቱን፣ ጀሶውን፣ በየክፍሉ ያለውን ልማድ። የራሷንም ፊርማ አልደበቀችም። «ቀኝ፣ ቀኝ ሲሉ የመለስኩባቸው እኔ ነኝ» አለች። ዋናው ሐኪም መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ካርዱን አምጣው» አለ። ወጣቱ ሐኪም አመጣ፣ ሰረዘ።

«ፈርምበት» አለች እህቴ።

ፈረመ።

«ቀኑንም።»

ቀኑንም ጻፈ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር። ካርዱን ራሷ ይዛ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ አጥንት ሐኪሙ ጋ ሮጠች። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስትሮጥ ያያት ነርስ እሳት የተነሳ መስሏት ነበር።

በማግስቱ ሰውዬውን ልታይ ወጣች። ክርኑ በብረት ተይዟል፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። ሚስቱ የግራ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ እየጠራች ታዛቸዋለች፤ አራቱ ታዘዙ። አውራ ጣቱ እንቢ አለ።

«አብጦ ነው፣ ይመለሳል ብሎኛል አጥንት ሐኪሙ» አለ ቀለም ቀቢው።

«መቼ አለህ?»

«አላለኝም።»

እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እጠይቀዋለሁ» አለችና አጥንት ሐኪሙን ፍለጋ ወጣች።